በልብ የሚታይ ሶሮባን

ሶሮባን የጃፓን ሰዎች ሒሳብ የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ከእንጨት የተሠራ ሆኖ በዘንጎቹ ላይ ዶቃዎች ተሰክተውበታል። በእያንዳንዱ ዘንግ ከላይ 1፥ ከታች 4 ዶቃ አለ፤ የላይኛው 5 ሲባል የታችኞቹ እያንዳንዳቸው 1 ይባላሉ። ዶቃው የሚቈጠረው ወደ መካከለኛው እንጨት ሲጠጋ ነው።

በ7 ላይ 8 ሊጨምር የሚፈልግ ልጅ አስቀድሞ የ5ቱን ዶቃና ከታችኞቹ 2ቱን ያስጠጋል። በዚያ ዘንግ ላይ 8 የሚሆን ዶቃ አልቀረለትም። ነገር ግን ከ10 ላይ 2 ሲጐድል 8 ነውና፥ በዐሥር ቤት 1 ዶቃ ያስጠጋል፤ ከአንድ ቤት 2 ያርቃል። በሶሮባኑ ላይ የሚታየው 15 ነው።

ልጁ ይህን በጣቱ ብዙ ቀን ከለመደ በኋላ መምህሩ ሶሮባኑን ከፊቱ ያነሣበታል። ያን ጊዜ ዶቃዎቹን በሐሳቡ እያየ ይደምራል። ጣቱ ሳይለምድ በሐሳቡ ሊቈጥር የቸኰለ ግን ሥዕሉ ይጠፋበታል፤ ድምሩም ይሳሳትበታል።

በ1939 ዓመተ ምሕረት ኅዳር 3 ቀን፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946፥ በቶኪዮ ከተማ ጃፓናዊው ኪዮሺ ማትሱዛኪ በሶሮባን፥ የአሜሪካው ወታደር ቶማስ ዉድ በኤሌክትሪክ የሒሳብ መኪና ተወዳደሩ። ማትሱዛኪ 4 ለ1 አሸነፈ፤ መኪናው የበለጠው በማባዛት ብቻ ነበር።

ዕቃ ይሰበራል፥ ይጠፋልም፤ በትዕግሥት የተማሩት ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ስለዚህ ትምህርት የሚወድ ልጅ በቀላሉ ሥራ ላይ መዘግየትን እንደ ውርደት ሊቈጥረው አይገባም።