ያውቁ ኖሯል? ካርቱም ላይ «ከዜሮ በታች 40»

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው የካርቱሙ ዴም ሠፈር፣ በግንቦት ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ 40 ዲግሪን ያልፋል። እዚያ የቆመ የናፍጣ መኪና ኮምፒውተር የዩሪያ (የጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ) ታንኩን ሙቀት «ከዜሮ በታች 40» ብሎ ቢያነብስ? ታንኩ በረዶ አልሠራም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ መስመሩ ተቋርጧል። የታንኩ የሙቀት ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር፣ የተበጠሰ ሽቦ ለኮምፒውተሩ የመጨረሻው ብርድ ይመስለዋል።

ሴንሰሩ ባለሁለት ሽቦ ከሆነ ሶኬቱን ነቅለው በመኪናው በኩል ያሉትን ፒኖች በቁራጭ ሽቦ ያገናኙ። ንባቡ ወደ ከፍተኛው ሙቀት ከዘለለ መስመሩ ደህና ነው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ካልተነቃነቀ ግን ጥፋቱ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ሴንሰር ለመግዛት አይቸኩሉ! የጭስ ማውጫው የፕላቲነም ሴንሰር ጠባዩ ተቃራኒ ነው፦ ሲበጠስ የሚያሳየው እሳት ነው።