ያውቁ ኖሯል? ስኳር፣ ኢንሱሊንና ራሰ በራነት

ጣና ዳር አረፍ ብለው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨልጡ ስኳሩ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን ያመነጫል። ይህ ግን ከፀጉር ጋር ምን አገናኘው?

• ኢንሱሊን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ጉበት ቴስቶስቴሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ነፃ የሆነው ቴስቶስቴሮን በከፊል ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይለወጣል። ዲኤችቲ ደግሞ በዘር በተጋለጡ ሰዎች የፀጉሩን ሥር ያቀጭጫል።

• በ2000 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የፊንላንድ ጥናት፣ ከ35 ዓመታቸው በፊት ፀጉራቸው የሳሳ ወንዶች ላይ የኢንሱሊን ችግር በብዛት መታየቱን ዘግቧል። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዘር ነው።

• ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የባሕር ዳር ገበታ ለዚህ አይታማም፦ የጣና ቆሮሶና አምባዛ ፕሮቲን ሞልቷቸዋል።

• በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የተለመደ ነው። ሲበዛ ግን ቅባት ከመቀያየር በፊት ሐኪም ማማከር ይበጃል።