ፋይል ሳይጠፋ ሲበላሽ፦ ስህተቱ በየት በኩል ይገባል?

ፋይል ሲጠፋ ይታወቃል፤ ባለቤቱም ይፈልገዋል። የከፋው ፋይሉ በቦታው እያለ በውስጡ አንድ አኀዝ ብቻ ሲለወጥ ነው። በይዞታ መዝገብ ላይ 0.75 ሄክታር የነበረው 0.35 ሆኖ ቢቀመጥ ኮምፒውተሩ ምንም አይልም። ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ በድንበር ክርክር ነው።

ፋይልን በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር አስቀምጦ ከየጠረጴዛው በኔትወርክ የመክፈት አሠራር የተስፋፋው እ.አ.አ በ1980ዎቹ ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ኤንኤፍኤስ ነበር። ፋይሉ በመስመሩ ላይ የሚጓዘው በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው። ላኪው የጥቅሉን ይዘት ደምሮ ውጤቱን አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩም እንደገና ደምሮ ያመሳክራል። እህል ከመጋዘን ሲወጣ ተመዝኖ፣ ሲደርስም ዳግም እንደሚመዘነው ማለት ነው።

ድምሩ ግን የኮምፒውተሩን ጊዜ ይሻማል። በመሆኑም አንዳንድ አምራቾች ኤንኤፍኤስን ለማፍጠን ሲሉ ማመሳከሪያውን ዘግተው ያቀርቡ ነበር። የኔትወርክ ካርዱ የራሱ ጠንካራ ፍተሻ ስላለው ሌላ አያስፈልግም የሚል እምነት ነበራቸው። ፋይሎች ግን ሳይታወቅ ተበላሹ። እ.አ.አ በ1989 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ማመሳከሪያው ከመነሻው ክፍት እንዲሆን አስገደደ።

መስመሩ እየተፈተሸ ስህተቱ ከየት መጣ? ጆናታን ስቶን እና ክሬግ ፓርትሪጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2000 ባሳተሙት ጥናት መልስ ሰጥተዋል። ዘዴያቸው እንደ መርማሪ ነው። ጥቅል ተበላሽቶ ሲጣል ላኪው ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ እነርሱም የተበላሸውንና ደህናውን መንታ ጎን ለጎን አድርገው ልዩነቱ የት ላይ እንዳረፈ ተመለከቱ። የመስመር ፍተሻ በሚደረግባቸው ኔትወርኮች እንኳ በአንዱ ቦታ ከ1 ሺህ 100 ጥቅሎች አንዱ፣ በሌላው ከ32 ሺህ አንዱ በድምሩ ተፈትሾ ወደቀ።

ጥፋተኛው በአብዛኛው ገመዱ አልነበረም፤ የላኪው ኮምፒውተር፣ የሶፍትዌር ግድፈትና በመንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች ማኅደረ ትውስታ ነበሩ። የመስመር ፍተሻ የሚጠብቀው ከአንድ መሣሪያ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው። ራውተሩ ጥቅሉን በሆዱ ካበላሸው፣ ሲያወጣው በተበላሸው ይዘት ላይ አዲስ ማኅተም ያትምበታል። መጋዘን ውስጥ ተፈትቶ የተቀነሰለት ጆንያ እንደገና ተሰፍቶ ሲወጣ ስፌቱ ደህና ነው፤ የጎደለው እህሉ ነው።

ድምሩም ቢሆን ክፍተት አለው። 3 ሲደመር 7 አሥር ነው፤ 7 ሲደመር 3ም አሥር ነው። ሁለት የመረጃ ቁራሾች ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ አያውቅም።

ዛሬ ጠቃሚ ሰነድ ሲላክ ሻ 256 የተሰኘ ስሌት ከመላው ፋይል ላይ አንድ አሻራ ያወጣል፤ ቅደም ተከተሉም ጭምር ይቆጠራል። አሻራው መውጣት ያለበት ግን ፋይሉ በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨሩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ቢወጣ፣ በመንገድ ለተበላሸው ፋይል ትክክለኛ ነው ብሎ ይመሰክርለታል።