ስፒከር ከመቀጠላችሁ በፊት ኦሙን ተመልከቱ

ወደ ጂቡቲ ከተማ ከሚወርዱ ወገኖቻችን መካከል በካርቲየ 4 የቴፕና የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ሞክረው የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙ አሉ። ለመጀመር አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና ጥቂት ሽቦ ይበቃል። ዳሩ ግን የሰው ንብረት አቃጥሎ ዕዳ ውስጥ ለመግባት አንድ ቀን አይፈጅም። እኔም ደርሶብኛል።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር «ከኋላም ይሰማልኝ» ብሎ ሁለት ተጨማሪ ስፒከሮች አመጣ። በግራና በቀኝ ካሉት ጋር ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ አገናኘሁለት። ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ አማረ፤ ሰውየውም መርቆኝ ሄደ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቴፑ ጸጥ አለ። የሻይ የምትሆን ገንዘብ ተቀብዬ የቴፕ ዋጋ ከፈልኩ።

ስሕተቱ ምን ነበር? ስፒከር በውስጡ ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለው። ይህ ጥቅል የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታበት መጠን ኢምፒዳንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ስያሜው በ1827 እ.ኤ.አ. ሕጉን በመጽሐፍ ካወጣው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም የመጣ ነው። የመኪና ስፒከር ብዙውን ጊዜ 4 ኦም፣ የቤት ስፒከር ደግሞ 6 ወይም 8 ኦም ነው። የኦሙ ቁጥር ባነሰ መጠን አምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ ይገደዳል። ብዙ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል፤ ትንሽ ቁጥር ሲያይ «ቀላል ነው» ይላል።

በቁጥር እንየው። አምፕሊፋየሩ 8 ቮልት ቢያወጣ በ4 ኦም ስፒከር 2 አምፔር ያልፋል፤ ኃይሉም 16 ዋት ይሆናል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች እኔ እንዳደረግሁት ጎን ለጎን፣ ማለትም በፓራለል ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ። በዚያው 8 ቮልት 4 አምፔር፣ 32 ዋት ማለት ነው። ድምፁ የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያሞኘኝም ይኸው ነው። በቴፑ ላይ «ከ4 እስከ 8 ኦም» ተብሎ ከተጻፈ በ2 ኦም ማሠራት ከዐቅሙ በላይ ማሸከም ነው። በጂቡቲ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለ ቴፕ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም።

ሁለቱን በተከታታይ፣ ማለትም በሲሪስ ብታያይዟቸው፣ የአንዱ ማይነስ ከሌላው ፕላስ ሲገናኝ፣ 4 እና 4 ተደምሮ 8 ኦም ይሆናል። ድምፁ ቢቀንስም ቴፑ አይጎዳም።

በካምፕ ውስጥ የመኪና ቴፕ በባትሪ እያሠራችሁ የቤት ስፒከር ለምትቀጥሉም ያው ሕግ ነው። አንድ ባለ 8 ኦም ያለ ሥጋት ይሠራል። ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራለል 4 ኦም ስለሚሆኑ ለቴፑ ተስማሚ ናቸው። ሦስተኛ ስትጨምሩ ግን ከ3 ኦም በታች ይወርዳልና ተጠንቀቁ።

ከመቀመጫ ሥር የሚገባው ለብቻው የቆመ አምፕሊፋየር 2 ኦም የሚችል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለቱን መውጫዎች አጣምራችሁ አንድ ትልቅ ስፒከር ስትነዱ እያንዳንዱ መውጫ የሚያየው የስፒከሩን ግማሽ ኦም ነው። ስለዚህ በመውጫ 2 ኦም የሚችለው ሲጣመር ከ4 ኦም በታች አይስጡት።

በስፒከሩ ማግኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ ገመዱን ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ። ቴስተሩ ከኢምፒዳንሱ ትንሽ አሳንሶ ያሳያል፤ 3 ወይም 3.5 ካሳየ ባለ 4 ነው፣ 6 ወይም 7 ካሳየ ባለ 8 ነው። በቅድሚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቀንሱ። ዜሮ ካሳየ ጥቅሉ ተቃጥሎ ተጣብቋል፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

የስፒከሩን ማይነስ ከመኪናው አካል ጋር አታገናኙ። በዛሬዎቹ ቴፖች ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ቮልት ስለሚይዙ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ፊውዝ ሲበጠስም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት መኪናውን ከነተሳፋሪው ለእሳት መስጠት ነው።

የዚያን ሹፌር ቴፕ ከተቃጠለ በኋላ ስፈታው አራት መውጫ ነበረው። ነጩና ግራጫው ሽቦ ለፊት ስፒከሮች ተይዘዋል፤ ለኋላ የተሠሩት አረንጓዴውና ሐምራዊው ግን ከነጥንዶቻቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ከበስተጀርባው ተሸጉጠው ነበር። እያንዳንዱን ስፒከር በየራሱ መውጫ ላይ ለመቀጠል አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።