የመንገድ ድካምና ከቤት ሆኖ መሥራት፦ የሠራተኛው ምርጫና የጤና ባለሙያው ድርሻ

ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ ሥራ የሚመላለስ ሠራተኛ ሁሉ ከቤቱ ሆኖ መሥራትን እንደሚመርጥ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን የሠራተኛው ስሜት ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን ነው።

ጉዞው አሰልቺ ስለመሆኑ በቂ መረጃ አለ። ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት 909 ሠራተኛ ሴቶችን ባካተተው ጥናት፣ ወደ ሥራ የሚደረገው የጠዋት ጉዞ አነስተኛ ደስታ ከሚሰጡ የዕለት ተግባራት መካከል ተመድቧል። በሌላ በኩል በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ሠራተኞች የሚመኙት ጉዞ በአማካይ 16 ደቂቃ ያህል እንጂ ዜሮ አለመሆኑን አመልክቷል። አጭር ጉዞ የቤትንና የሥራን ሐሳብ ለመለየት ያገለግላልና።

ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሲትሪፕ በተባለ የቻይና የጉዞ ወኪል ድርጅት ያካሄዱት ሙከራም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በፈቃዳቸው ከተመዘገቡት የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ከፊሎቹ ለ9 ወራት በሳምንት 4 ቀን ከቤታቸው ሠሩ። የሥራ ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። ሆኖም በመጨረሻ ምርጫው ዳግም ሲሰጥ ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀድሞ አቋማቸውን ለወጡ። ወደ ቢሮ ለመመለስ ከተጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ብቸኝነት ነበር።

ለጤና ባለሙያ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለውጤቱ መጨመር አንዱ ምክንያት የዕረፍትና የሕመም ፈቃድ መቀነሱ ነው። የሕመም ፈቃድ መቀነስ የግድ የሕመም መቀነስ አይደለም፤ ከቤቱ የሚሠራ ሰው ታሞም ሊሠራ ይችላል። ከመንገድ የተረፈው ሰዓትም በሥራ ሊዋጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቁት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል።

ስለሆነም ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ታካሚ የወገብ ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የድብርት ስሜት ይዞ ሲቀርብ፣ «ከመንገድ ድካም ተገላግለሃል» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በምን ላይ ተቀምጦ እንደሚሠራ፣ ሥራውን በስንት ሰዓት እንደሚያቆም፣ በቀን ምን ያህል እንደሚራመድና ከማን ጋር እንደሚነጋገር መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ከነቤተሰቡ ለሚኖር ሰው፣ በታክሲ ሰልፍ ቢንገላታም፣ ቢሮው የተሻለ የሥራ ቦታ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።