ታጥቦ የሚያገለግለው የወር አበባ መጠበቂያና የልጃገረዶች ትምህርት

ብዙ ገዢ እያለው በገበያ ስሙ በግልጽ የማይጠራ ሸቀጥ ቢኖር የሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ ነው። ገዢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፤ ባለሱቁም በጋዜጣ ወይም በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ይሰጣታል። ዕቃው እንዲህ ተሸፍኖ ሲኖር ዋጋውም ጥራቱም ሳይመረመር ይቀራል፤ ጉዳቱም ከሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በተማሪ ልጃገረድ ላይ ነው።

ይህም በቀላል ሒሳብ ይታያል። አንዲት ተማሪ መጠበቂያ በማጣት በየወሩ 2 የትምህርት ቀን ብትቀር፥ በ10 ወር የትምህርት ዘመን 20 ቀን፥ ማለት የ4 ሳምንት ትምህርት ያመልጣታል። ባትቀርም እንኳ ልብሴ ይበላሽ ይሆን እያለች ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ከዋለች፥ በክፍል መገኘቷ ብቻ የሚገባትን ጥቅም አይሰጣትም።

በሱቅ የሚገኘውና በተለምዶ ሞዴስ የሚባለው መጠበቂያ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ነው። የወር አበባው 5 ቀን ቢቆይና በቀን 3 ፍሬ ቢለወጥ፥ በወር 15፥ በ2 ዓመት ደግሞ 360 ፍሬ ይሆናል። ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ይህን ወጪ ይችለው ይሆናል፤ ገንዘብ እህል በሚሸጥበት ወራት ብቻ ለሚገባበት የገበሬ ቤት ግን በየወሩ የሚመላለስ ወጪ ከባድ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ልጃገረዶች በአሮጌ ቁራጭ ጨርቅ ይጠቀማሉ፤ ጨርቁም ከቦታው ይንሸራተታል፥ ፈሳሹንም ያሳልፋል።

ታጥቦ የሚያገለግለው መጠበቂያ ይህንኑ የጨርቅ ልማድ አሻሽሎ የተሠራ ነው። ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ፊቱ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ መካከሉ ፈሳሹን መጥጦ የሚይዝ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን አለው። በግራና በቀኝ ያሉት ክንፎች ከውስጥ ልብስ በታች ታጥፈው በቁልፍ ይያያዛሉ። በሚገባ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ በፋብሪካ ደረጃ በማቋቋም ስማቸው የሚነሣው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። በአሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምረው፥ ለሠሩት መጠበቂያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009ም በመቀሌ ከተማ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋሙ። ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሰይማቸው፥ ከፋብሪካው ምርት አብዛኛውን የሚገዙት ለተማሪዎች በነጻ የሚያድሉ የርዳታ ድርጅቶች ነበሩ።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ ከዚህ ላይ ነው። በርዳታ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ ርዳታው ሲቋረጥ ይቋረጣል፤ በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ግን ገዢ እስካለ ድረስ ይኖራል። አንዳንድ ባለሱቅ 2 ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ብሸጥ ደንበኛዬ አትመለስም ብሎ ይሰጋ ይሆናል። ነገር ግን የሚጣለውን ለመግዛት አቅም ያልነበራት ልጃገረድ ከፊትም ደንበኛው አልነበረችም፤ ለአካለ መጠን የሚደርሱ አዲስ ተማሪዎችም በየዓመቱ ይመጣሉ።

የቀረጡም ነገር ከዋጋው ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ተሠርቶ በሚገባው መጠበቂያ ላይ የነበረው የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ እንዲቀነስ፥ የጥሬ ዕቃውም እንዲነሣ ተወስኗል። እንዲህ ያለው ቅናሽ ከሱቅ ጠረጴዛ ካልደረሰ ለተማሪዋ ምንም አያተርፍላትም።

ሆኖም ዕቃው ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በዑጋንዳ በካሙሊ አውራጃ በ8 ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት፥ መጠበቂያ ወይም ስለ አካል ለውጥ ትምህርት ካገኙት ይልቅ ምንም ባላገኙት ልጃገረዶች ዘንድ ከትምህርት ቤት መቅረት ይበልጥ መጨመሩን አሳይቷል። ከዚህም ዕውቀቱ እንደ ዕቃው የሚጠቅም መሆኑ ይታያል።

አያያዙም እንዲሁ ዕውቀት ይጠይቃል። መጠበቂያው በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል፤ ሙቅ ውኃ ደሙን በጨርቁ ላይ ያደርቀዋልና። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ልጅቱ አፍራ በአልጋ ሥር ወይም በሌላ ልብስ ሥር ደብቃ ብታደርቀው እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ጤናዋንም ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ እናትና አባት ገመዱ ላይ ቦታ ሊሰጧት፥ ትምህርት ቤቱም ውኃና በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ሊያዘጋጅላት ይገባል።

ከነጋዴው የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ስፌቱ የጸና፥ ሥሩ ውኃ የማያሳልፍ መሆኑን መርምሮ መረከብ፤ የአጠባበቁን መመሪያ ገዢዋ በምታነበው ቋንቋ አብሮ መስጠት፤ ዕቃውንም እንደ ሳሙናና እንደ ክር በግልጽ መደርደሪያ ላይ ማኖር ነው። ባለሱቁ ያላፈረበትን ዕቃ ተማሪዋም ሳታፍር ትጠይቀዋለች።