ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳር ከኪሱ አይለየው

አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ገበሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑን ተወጋ እንበል። ቁርሱን ቀማመሰና በሬዎቹን ነድቶ ወደ እርሻው ወረደ። ምሳ የምታመጣለት ልጅ ዘገየች። ረፋዱ ላይ ላብ አጠመቀው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ልቡ ድው ድው አለ። ጎረቤቱ ቢያናግረው የማይገናኝ ነገር ይመልሳል፤ ይቆጣል። አንዱ «ይሄ ሰው በጠዋቱ ጠጥቷል እንዴ?» ይላል። ሌላው «ኧረ ቡዳ ነው፣ ጭስ አምጡ!» ይላል።

ሰውየው አልጠጣም፤ ቡዳም አልበላውም። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ አንሶበት ነው። ጭስ ሲፈለግ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል። የጤነኛ ሰው ቆሽት ምግብ ሲመጣ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ምግብ ሲቀር ይቀንሳል። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ግን ብትበሉም ባትበሉም ሥራውን አይተውም። እርሻ፣ አጨዳና ረጅም መንገድ ደግሞ ስኳሩን የባሰ ይጨርሱታል። ደመና የመሰለው ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጉት ከ5 ሰዓት አንስቶ እስከ ማታ ጉልበቱ ይበረታል። ይሄ እንግዲህ ገበሬው ሞፈር ይዞ የሚውልበት ሰዓት ነው! ስለዚህ ምሳ አይዘግይ። ሥራ በሚበዛበት ቀን መክሰስ ያዙ።

ምልክቱ ሲጀምር «ይቺን ትልም ልጨርስ» አትበሉ። በሬውን አቁሙ። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ውኃ ከሌለ ስኳሩን ቃሙት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። እንጀራ፣ ወተትና ቅቤ ቀስ ብለው ስለሚሠሩ በዚያች ሰዓት አይደርሱም። 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ካልተሻላችሁ ያንኑ ያህል ድገሙ። ሲሻላችሁ ዳቦ ወይም እንጀራ ብሉ፤ አለዚያ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። መለኪያ ያለው ሰው ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ስኳር አንሷል ማለት ነው።

ይህን ቤተሰብም ጎረቤትም ይወቅ፤ በሽተኛው በዚያን ጊዜ ራሱን አያውቅምና። «አልፈልግም» ቢልም ለምናችሁ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ አሩጡት። እዚያ ስኳሩን በደም ሥሩ ይሰጡታል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ጥቂት ማር በጣት ጉንጩ ውስጥ መቀባት ይቻላል፤ መቀባት ነው እንጂ ማጉረስ አይደለም።

አረቄና ጠላ በባዶ ሆድ ክፉ ናቸው፤ ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ልብሱ በላብ ርሶ የሚቃዥ በሽተኛ ካለ ቀስቅሳችሁ ስኳር አጠጡት። ጾም ሲመጣ ደግሞ ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነው። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ እስላሙም ሼኩን ያማክር። ሁለቱም ሃይማኖቶች በሽተኛን አያስገድዱም።

አንዳንዱ ሰው አንዴ ከወደቀ በኋላ «መርፌው ሊገድለኝ ነው» ብሎ ኢንሱሊኑን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ይህ ከመውደቁም የባሰ ነው። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል በሽተኛ ካቋረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። መጠኑንም በገዛ እጃችሁ አትቀያይሩ። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ የተወጋችሁበትን ሰዓት፣ ምን እንደበላችሁና ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣ ጻፉ። ደብተሩን ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ አሳዩ። ምልክቱ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ የሚመጣ ከሆነ የጠዋቱን መጠን ይቀንሱላችኋል፤ ወይም የምግብ ሰዓታችሁን ያስተካክሉላችኋል።